ለእጅ ሥራ ካርድ ወረቀትና ቀለም አመራረጥ፦ ለድሬዳዋና ለሐረር አየር የሚሆን ዝርዝር መመሪያ

ማህተም እያተመ የመልካም ምኞት ካርድ መሥራት የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከማህተሙ ነው። ቆንጆ አበባ ወይም «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል ማህተም ያገኛል። ከዚያ ደስ ያለውን ቀለም ይገዛል። ወረቀቱን ደግሞ ቤት ውስጥ ካለው ላይ ይወስዳል። እኔ ይህን ቅደም ተከተል ገልብጡት እላለሁ። መጀመሪያ ወረቀት ይመረጥ፤ ቀለም የሚገዛው ለዚያ ወረቀት ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ የማህተሙ ማማር ዋጋ የለውም። ቀለሙ ወይ ይሰራጫል፣ ወይ አይደርቅም፣ ወይ ፀሐይ ሲያገኘው ይደበዝዛል።

እዚህ ድሬ ላይ ነገሩ የበለጠ ያስቸግራል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በመኪና ቅርብ ናቸው፤ አየራቸው ግን ለየቅል ነው። ድሬ ላይ የቀለም ፓድ ክፍት ከተተወ ቶሎ ይደርቃል። ሐረር ደግሞ በክረምት የታተመው ካርድ ራሱ ለመድረቅ ይዘገያል። የእንቁጣጣሽ ካርድ የሚሠራው በነሐሴና በጳጉሜ ስለሆነ እርጥበቱን ማሰብ ግድ ነው። ከውጭ አገር የሚጻፉ መመሪያዎች የሚሰጡት የማድረቂያ ጊዜ ለእኛ የማይሠራውም በዚህ ምክንያት ነው።

ካርድ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ልጆች በእንቁጣጣሽ አበባና መልአክ ሥለው ለጎረቤት ይዘው ይሄዳሉ። በእጅ የታተመ ካርድ የዚያው ዘመድ ነው። ለዒድ፣ ለመውሊድ፣ ለገና፣ ለሰርግ፣ ለምርቃት፣ ሐረር ላይ ደግሞ ሹዋሊድ ለሚባለው የሐረሪዎች በዓል ይሆናል።

መጀመሪያ፦ ካርዱ ምን እንደሚሆን ወስኑ

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ መልሱ። የታተመውን ሥዕል ከላይ ትቀቡታላችሁ? ከቀባችሁ በባለቀለም እርሳስ ነው፣ በውሃ ቀለም ነው ወይስ በማርከር? ወረቀቱንም ቀለሙንም የሚወስነው በዋናነት ይህ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ካርዱ ከበዓሉ በኋላ የት ይቀመጣል የሚለው ነው። እኛ ቤት ካርድ አይጣልም። ቡፌ ላይ ይቆማል፣ መስተዋት ጠርዝ ላይ ይሰካል። ዓመት ሙሉ የመስኮት ብርሃን የሚያገኘው ካርድ ብርሃን የሚችል ቀለም ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው ብዛቱ ነው። ለሰርግ ብዙ ካርድ የሚያትም ሰው ቶሎ የሚደርቅ ቀለም ይፈልጋል፤ አለዚያ ካርዱን ዘርግቶ የሚያደርቅበት ቦታ ያጣል። ለእናቱ አንድ ካርድ የሚሠራ ግን መታገሥ ይችላል።

ሁለተኛ፦ የወረቀቱ ውፍረት

ሱቅና ማተሚያ ቤት የወረቀት ውፍረትን የሚጠሩት በግራም ነው። ቁጥሩ የአንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ክብደት ነው። የፎቶ ኮፒ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ 80 ግራም ነው። ለካርድ አይሆንም። ታጥፎ አይቆምም፣ ቀለምም ወደ ጀርባው ያሳልፋል።

ለካርዱ አካል ከ200 እስከ 300 ግራም ፈልጉ። እኔ የምመርጠው 250 ግራም ነው። ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በእጅም ያለ ችግር ይታጠፋል። ከ300 በላይ ሲሆን እጥፋቱ ላይ መሰንጠቅ ይጀምራል። 80 ግራሙንም ግን አትጣሉት። ጥቁር ወይም ቡኒ ካርድ ስትሠሩ መልእክት የሚጻፍበት ነጭ ገጽ ሆኖ ከውስጥ ይለጠፋል።

ከ120 እስከ 160 ግራም ያለው ደግሞ ለሌላ ነገር ጥሩ ነው። ማህተሙን በዚህ ቁራጭ ላይ አትማችሁ፣ ዙሪያውን ቆርጣችሁ፣ በወፍራሙ ካርድ ላይ ለጥፉት። ኅትመቱ ከተበላሸ የሚጣለው ቁራጩ ብቻ ነው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

ወረቀት ለመግዛት ድሬ ላይ ከዚራና መጋላ ሰፈር ያሉትን የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ማተሚያ ቤቶችንም አትርሱ። ማተሚያ ቤት የሰርግ ጥሪና ቢዝነስ ካርድ ሲቆርጥ ጥሩ ጥሩ ቁራጭ ይተርፈዋል። ስትጠይቁ በስም ብቻ አትጠይቁ፤ አንዱ ብሪስቶል የሚለውን ሌላው ካርቶን ይለዋል። «ወንድሜ፣ የማያብረቀርቅ ነጭ፣ 250 ግራም የሆነ ቁራጭ ይኖራችኋል?» ብትሉ ትግባባላችሁ። ብዙ ከመውሰዳችሁ በፊት ለሙከራ አንድ ሁለት ቅጠል ለምኑ።

ሦስተኛ፦ የወረቀቱ ገጽ

ውፍረቱ ካርዱን ያቆመዋል፤ ኅትመቱን የሚያሳምረው ግን የወረቀቱ ገጽ ነው። ሁለት ጫፍ አለ። አንዱ ጫፍ ላይ ውሃ የጠማው ወረቀት አለ። ቀለም እንደነካው ይመጠዋል። ቀለሙ በወረቀቱ ክሮች ተከትሎ ይሄድና የመስመሩ ጠርዝ ይጸጉራል። ሌላው ጫፍ ላይ የሚያብረቀርቅ፣ ላዩ የተለበጠ ወረቀት አለ። ቀለሙ መግቢያ ስለሌለው ላዩ ላይ ይቀመጣል። በጣት ሲነካ ይጨማለቃል።

ለማህተም የሚሻለው መካከለኛው ነው። ለስላሳ፣ የማያብረቀርቅ፣ በመጠኑ የሚመጥ። ሱቅ ውስጥ ወረቀቱን ወደ በር ይዛችሁ አዘንብሉት። ብርሃን እንደ መስተዋት ከመለሰ ተዉት። በአውራ ጣት ዳስሱት። ጉርብጥብጥ ካለ ቀጭን መስመር ያለው ማህተም ይቆራረጥበታል።

ቤት ስትገቡ የውሃ ጠብታ ሙከራ አድርጉ። አንድ ጠብታ ንጹሕ ውሃ በቁራጩ ላይ ጣሉና እስከ ሠላሳ ቁጠሩ። ወዲያው ከገባ ወረቀቱ በጣም መጣጭ ነው። ድቡልቡል ብሎ ጨርሶ ሳይገባ ከቆየ ላዩ ዝግ ነው። ቀስ ብሎ እየሰፋ ከገባ የምትፈልጉት እሱን ነው።

ይህ የመምጠጥ ጉዳይ ለፊደላችን ልዩ ትርጉም አለው። የእኛ ፊደል ብዙ ትንንሽ ቀለበትና ቅጥያ አለው። ቀለም ሲሰራጭ መጀመሪያ የሚደፈነው የ«ሬ» እና የ«ቤ» ቀለበት ነው። በትንሽ ማህተም «መልካም በዓል» ብታትሙ ፊደሎቹ ተነካክተው ሊነበቡ አይችሉም። የዓረብኛ ጽሑፍ ለዒድ ካርድ ስታትሙም ነጥቦቹ እንዲሁ ይዋሃዳሉ። ስለዚህ ወረቀት ስትሞክሩ በአበባው ማህተም አትሞክሩ። ካላችሁ ማህተም ሁሉ ጥቃቅን ፊደል ባለው ሞክሩ። እሱን ያለፈ ወረቀት ሁሉንም ያልፋል።

የሐረር ሰዎች ይህን ጉዳይ ጥንት ያውቁታል። ሐረር በእጅ የተጻፉ መጻሕፍትና የመጽሐፍ ድጉሰት አገር ናት። ከቆዩት መጻሕፍት መካከል የሦስት ጨረቃ የውሃ ምልክት (ወረቀቱ ወደ ብርሃን ሲያዝ የሚታይ ሥዕል) ባለበት የጣሊያን ወረቀት ላይ የተጻፉ አሉ። በእስልምናው ዓለም የመጻሕፍት ሥራ ወረቀት እንዳለ አይጻፍበትም ነበር። ስታርች ወይም የእንቁላል ነጭ ይቀባና በለስላሳ ድንጋይ ወይም በመስታወት ይታሻል። ቀለሙ ሳይሰራጭ ላዩ ላይ ጥርት ብሎ እንዲቀመጥ ነው። ጀጎል ውስጥ የሸሪፍን ሙዚየም የምትጎበኙ ከሆነ የጽሑፎቹን ጠርዝ ጠጋ ብላችሁ እዩ። በወረቀትና በቀለም መካከል ያለው ስምምነት ምን እንደሚመስል ከዚያ በላይ የሚያስተምር የለም።

ስለ ዕድሜም አንድ ነገር ልበል። የጋዜጣ ወረቀትና ርካሽ ቡኒ ወረቀት ከእንጨቱ ያልወጣ ሊግኒን የሚባል ንጥረ ነገር አለባቸው። ብርሃንና አየር ሲያገኛቸው ቢጫ ይሆናሉ፣ ይሰባበራሉ። ለመጠቅለያ ምንም አይሉም። የሚቆይ ካርድ ከፈለጋችሁ ግን ከአሲድ ነፃ የሚል ወረቀት ምረጡ። የሥዕል ደብተር ሽፋን ላይ ብዙ ጊዜ ተጽፎ ይገኛል።

አራተኛ፦ አቆራረጥና አስተጣጠፍ

ወረቀት ሲመረት ክሮቹ በአብዛኛው በአንድ አቅጣጫ ይተኛሉ። በተኙበት አቅጣጫ ስታጥፉት ጥርት ብሎ ይታጠፋል። በተቃራኒው ስታጥፉት ይሰነጠቃል። አቅጣጫውን ለማወቅ ወረቀቱን ሳታጥፉ አንዴ በቁመቱ፣ አንዴ በጎኑ ቀስ ብላችሁ ጎበጥ አድርጉት። በቀላሉ የጎበጠው በክሩ አቅጣጫ ነው።

ኤ4 ወረቀት 210 በ297 ሚሊ ሜትር ነው። ክሩ ብዙውን ጊዜ በረዥሙ ጎን ይሄዳል። ወረቀቱን ከረዥሙ ጎን መሃል ላይ ለሁለት ቁረጡት። ሁለት ኤ5 ይወጣል፤ እያንዳንዱ 148 በ210 ነው። ከዚያ 210 የሆነውን ጎን ለሁለት እጠፉት። 105 በ148 የሆነ ካርድ አገኛችሁ። እጥፋቱም በክሩ አቅጣጫ ነው። ወረቀቱን በቁመት ሰንጥቃችሁ ረዥሙን ቁራጭ ብታጥፉት ካርዱ ያው መጠን ይመጣል፤ እጥፋቱ ግን ክሩን ያቋርጣል። ወፍራም ወረቀት ላይ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ይህ መጠን ሲ6 ለሚባለው ፖስታ ልክ ነው፤ ፖስታው 114 በ162 ሚሊ ሜትር ነው።

ከማጠፋችሁ በፊት መስመር አስምሩ። ማስመሪያ አስደግፉና ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ጫን ብላችሁ አንዴ ጎትቱ። መስመሩን በካርዱ የውጭ ፊት ላይ አድርጉት። ስታጥፉ ጎድጓዳው በውጭ፣ ያበጠው በውስጥ ይሁን። ብዙ ሰው የሚያደርገው በተቃራኒው ነው። ያበጠው ወደ ውስጥ ሲሆን ግን ወረቀቱ አይቀደድም።

አምስተኛ፦ ቀለም

አሁን ወረቀት አላችሁ። ወደ ቀለሙ እንሂድ።

ሁሉም ሰው የሚያውቀው የመሥሪያ ቤቱን ፓድ ነው። ሰማያዊና ወይን ጠጅ። በየስቴሽነሪው አለ፣ ርካሽ ነው፣ ስለዚህ ብዙ ሰው በእሱ ይጀምራል። ይህ ቀለም የተሠራው ለሰነድ ነው። ፓዱ ቶሎ እንዳይደርቅ ግሊሰሪንን የመሰለ ነገር ይገባበታል። የሚደርቀውም ወደ ወረቀቱ ሰርጎ እንጂ በንኖ አይደለም። በ80 ግራም ደብዳቤ ላይ ጥሩ ነው። በሚያብረቀርቅ ካርድ ላይ ግን ቀናት ቢቆይም በጣት ሲነካ ይጨማለቃል። ውሃ ሲነካው ይለቃል። ወይን ጠጁ ደግሞ ፀሐይ አይችልም። ለልምምድና ለልጆች ጨዋታ ተጠቀሙበት። ለምትወዱት ሰው ለምትሰጡት ካርድ ግን አልመክርም።

ለካርድ ተብለው የሚሠሩት ቀለሞች በዋናነት ሁለት ናቸው፤ ዳይና ፒግመንት። በዳይ ቀለሙ ስኳር ሻይ ውስጥ እንደሚሟሟ በፈሳሹ ውስጥ ሟምቷል። ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ ያቀልመዋል። ቶሎ ይደርቃል፣ ቀጭን መስመር ያወጣል፣ ከሥሩ ያለውን የወረቀት ቀለም ያሳያል። ድክመቱ ብርሃን ነው። ብዙዎቹ የዳይ ቀለሞች መስኮት አጠገብ ሲቆዩ ይደበዝዛሉ።

ፒግመንት የማይሟሟ ደቃቅ ዱቄት ነው። ፈሳሹ ይሸከመዋል እንጂ አያሟሟውም። ዱቄቱ በወረቀቱ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ቀለሙ ደማቅና ድፍን ነው፤ ብርሃንም ከዳይ ይልቅ ይችላል። ነገር ግን ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው። እዚህ ላይ የድሬ ሙቀት ወዳጃችን ነው። ሌላ ቦታ ብዙ የሚያስጠብቀው ፒግመንት እዚህ በደረቅ ቀን ቶሎ ይይዛል። የእኔ ምክር ግልጽ ነው። ድሬ ላይ አንድ ፓድ ብቻ መግዛት የምትችሉ ከሆነ፣ ጥቁር ፒግመንት ግዙ። ሐረር ላይ ክረምት ላይ የምታትሙ ከሆነ ግን ካርዱን አንድ ሌሊት ሳትደራርቡ አሳድሩት።

ከእነዚህ ሁለቱ ውጭ ለልዩ ሥራ የሚሆኑ አሉ። በዘይት የተሠራና ሲደርቅ ውሃ የማያስለቅቀው አርካይቫል የሚባል ቀለም አለ። በሥዕሉ ላይ የውሃ ቀለም ለሚቀባ ሰው ይህ ነው የሚያስፈልገው። በኬሚካል ማሟሚያ የተሠራው ሶልቨንት ቀለም ደግሞ በሚያብረቀርቅ ወረቀት፣ በፕላስቲክና በብረት ላይ ሳይቀር ይደርቃል። ስታዝኦን የሚባለው ከዚህ ወገን ነው። ሽታው ኃይለኛ ስለሆነ መስኮት ከፍታችሁ፣ ልጆችን አርቃችሁ ሥሩ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣልሽ?» ሲል ብዙ ቀለም አታስጭኑት። አንድ ቨርሳፋይን ጥቁርና የእሱን መሙያ ጠርሙስ ብቻ በሉት። ቨርሳፋይን ፒግመንት ነው፤ ጥቃቅን ፊደል ጥርት አድርጎ ያወጣል። መሙያው ካለ ፓዱ ብዙ ጊዜ ያገለግላል።

ማህተማችሁን ራሳችሁ ከሊኖሊየም ወይም ከወፍራም ላጲስ የምትቀርጹ ከሆነ ሌላም አማራጭ አለ። የሥዕል አክሪሊክ በስፖንጅ ስስ አድርጋችሁ ማህተሙ ላይ ነካ ነካ አድርጉ። ሰፋ ላለ ድፍን ቅርጽ በጣም ያምራል። የሐረር ስፌት ላይ ያሉት ሦስት ማዕዘኖችና ኮከቦች ለዚህ የተፈጠሩ ይመስላሉ። አክሪሊክ ግን በሙቀት ቶሎ ይደርቃል። አንድ አትማችሁ ወዲያው እጠቡ፤ ማህተሙ ላይ ከደረቀ አይለቅም። ፊደል ስትቀርጹ ደግሞ ገልብጣችሁ መጻፍ አትርሱ።

ስድስተኛ፦ ማጣመር

በባለቀለም እርሳስ ለሚቀባ ሰው ነገሩ ቀላል ነው። ትንሽ ሻከር ያለ፣ 200 ግራምና ከዚያ በላይ የሆነ ወረቀት፣ ማንኛውም የደረቀ ቀለም። ጨርሷል።

የውሃ ቀለም ግን ጠንቃቃ መሆን ይፈልጋል። ተራ ካርድ ወረቀት ውሃ ሲነካው ይጎብጣል፣ ላዩም ይላጣል። 300 ግራም የውሃ ቀለም ወረቀት ያስፈልጋል፤ ከዚያም ውስጥ ለስላሳው ዓይነት። ጉርብጥብጡ ለሥዕል እንጂ ለማህተም አይመችም። ቀለሙ ውሃ የማያስለቅቀው ይሁን። ዳይ ከተጠቀማችሁ ብሩሹ መስመሩን ይዞት ይሄዳል፤ አበባችሁ ግራጫ ይሆናል።

በአልኮል ማርከር የምትቀቡ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሶልቨንት ቀለም በማርከሩ አልኮል ሊሟሟ ይችላል። እዚህ ሜሜንቶን የመሰለ የዳይ ቀለም ይሻላል። ወረቀቱ ለስላሳና ወፍራም ይሁን፤ ማርከር ወደ ጀርባ ስለሚያሳልፍ ከሥሩ ሌላ ወረቀት አንጥፉ።

ቡኒ ወረቀት ላይ ዳይ አታትሙ። ዳይ ስለሚያሳይ የወረቀቱ ቡኒ ይውጠዋል፤ ቢጫው አደይ አበባ ጭቃ ይመስላል። ቡኒና ጥቁር ወረቀት የሚፈልገው ፒግመንት ነው። በተለይ ነጭ ፒግመንት በቡኒ ላይ በጣም ያምራል። ለገናና ለሰርግ ካርድ ከዚህ የበለጠ ጨዋ ነገር የለም።

ወርቃማ ፊደል የሚፈልግ ሰው ኢምቦሲንግ ዱቄት ይጠቀም። በፒግመንት አትማችሁ፣ ሳይደርቅ ዱቄቱን ትነሰንሳላችሁ፣ ትርፉን አራግፋችሁ በሙቀት ታቀልጡታላችሁ። ዱቄቱ ቀልጦ ከፍ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ ፊደል ይሆናል። የፀጉር ማድረቂያ አይሆንም። ዱቄቱን በንፋሱ ይበትነዋል፣ ሙቀቱም አይበቃም። ለዚሁ ሥራ የተሠራ የሙቀት ማሽን ከሌላችሁ ካርዱን በጀርባው በኩል ከጋለ ካውያ በላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ያዙት። ፊደሉ ማብረቅረቅ ሲጀምር አንሱት። ድሬ ላይ ፒግመንት ቶሎ ስለሚደርቅ ዱቄቱን ከማተማችሁ በፊት ከፍታችሁ አዘጋጁ። ቬንትሌተሩንም አጥፉ፤ አለዚያ ወርቁ ቤቱን ሙሉ ይዞራል።

ሰባተኛ፦ የሙከራ ወረቀትና የፀሐይ ፈተና

ያላችሁን ወረቀት ሁሉ በትንሹ ቁረጡ። በእያንዳንዱ ላይ ያላችሁን ቀለም ሁሉ አትሙ። ከጎኑ የወረቀቱን ግራም፣ የገዛችሁበትን ሱቅና የቀለሙን ስም ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ አንዱን ጠርዝ በጣት እሹ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሌላውን እሹ። በነጋታው በእርጥብ ጥጥ ነካ አድርጉ። የትኛው ጥንድ እንደሚሆን ወረቀቱ ራሱ ይነግራችኋል። ይህን ቅጠል ደብተር ውስጥ አስቀምጡት። ሱቅ ስትሄዱ ይዛችሁት ሂዱ።

የፀሐይ ፈተና ደግሞ ድሬ ላይ በነፃ ነው። የታተመውን ቁራጭ ግማሹን በወፍራም ካርቶን ሸፍናችሁ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ለጥፉት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ካርቶኑን አንሱና ሁለቱን ግማሽ አነጻጽሩ። ልዩነት ካያችሁ ያ ቀለም ቡፌ ላይ ለሚቆም ካርድ አይሆንም። ፖስታ ውስጥ ለሚቀመጥ ካርድ ግን ያገለግላል።

ስምንተኛ፦ ማተም

ጠዋት ሥሩ። ከቀትር በኋላ እጅ ያልበዋል፤ ላብና የጣት ቅባት የነካው ወረቀት ቀለም አይቀበልም። ካርዱን በጠርዙ ያዙት፤ መዳፋችሁ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ንጹሕ ወረቀት አንጥፉ። ቬንትሌተር ፓዱ ላይ ቀጥታ እንዳይነፍስ አዙሩት።

ማህተሙን ወደ ፓዱ አትጫኑ። ማህተሙን ገልብጣችሁ ያዙና ፓዱን በላዩ ላይ ነካ ነካ አድርጉት። እንዲህ ሲሆን ቀለሙ የት እንደደረሰ ታያላችሁ። ማህተሙ ትልቅ ቢሆንም በትንሽ ፓድ ይዳረሳል። ከካርዱ ሥር ለስለስ ያለ ነገር፣ ለምሳሌ አሮጌ መጽሔት አድርጉ። ቀጥ አድርጋችሁ ጫኑ፣ አታወዛውዙ፣ ቀጥ አድርጋችሁ አንሱ። ማወዛወዝ የማህተሙን ጠርዝ ያትምባችኋል።

አዲስ ግልጽ የፕላስቲክ ማህተም መጀመሪያ ላይ ቀለም አይይዝም፤ ቀለሙ ነጠብጣብ ይሆንበታል። ላዩን በላጲስ ቀለል አድርጋችሁ እሹት፤ ይስተካከላል። ማህተም ቀራጭ ጋ የምታሠሩ ከሆነ ደግሞ ሥዕሉን በጥቁርና ነጭ ብቻ ስጡ። ከግማሽ ሚሊ ሜትር የቀጠነ መስመር አታብዙ፤ ሲታተም ይጠፋል።

የታተሙትን ካርዶች አትደራርቡ። ከጎን ለጎን ዘርግታችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁ። እንዲቸኩል ብላችሁ ፀሐይ ላይ አታውጡ፤ ወረቀቱ ይጎብጣል።

ፓድና ማህተም አያያዝ

የቀለም ፓድ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም መኪና ውስጥ አታስቀምጡ። ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልላችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ ከታች አኑሩት። የዳይ ፓድ በግልባጭ ሲቀመጥ ቀለሙ ወደ ላዩ ይመጣል። የፒግመንቱን ግን በጀርባው አስቀምጡ። እያተማችሁም በአንድና በሌላ ካርድ መካከል ክዳኑን መለስ የማድረግ ልማድ ይኑራችሁ።

የዳይ ፓድ ከደረቀ ውሃ አትጨምሩ፤ ቀለሙን ያቀጥነዋል። የራሱ መሙያ ካለ እሱን ጨምሩ። ከሌለ ፋርማሲ የሚሸጠውን ግሊሰሪን ጥቂት ጠብታ አድርጉና አንድ ሌሊት ዘግታችሁ አሳድሩት። አታብዙ። ግሊሰሪን ሲበዛ ፓዱ ይለሰልሳል፤ ኅትመቱ ግን እንደ መሥሪያ ቤቱ ቀለም ሳይደርቅ ይቆያል።

ማህተሙን ሥራ እንደጨረሳችሁ እጠቡ። ለዳይና ለፒግመንት ለብ ያለ ውሃና ትንሽ ሳሙና ይበቃል። ጥቃቅን ፊደሎቹ መካከል የገባውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አውጡት። ሶልቨንት ቀለም በውሃ አይለቅም፤ የራሱ ማጽጃ አለው። ግልጽ የፕላስቲክ ማህተም ላይ ሶልቨንት ባትጠቀሙ ይሻላል፤ ያደበዝዘዋል። ለእሱ የጎማ ማህተም ይኑራችሁ። የታጠበውን በሶፍት ጫን ጫን አድርጋችሁ አድርቁትና ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት።